ከአራዊት ጋር ስለ መኖር

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከተጠመቀ በኋላ ወደ ገዳም ሄዶ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት እንደ ጾመ፣ በሰይጣንም እንደ ተፈተነ ማቴዎስም ሉቃስም በሰፊው ጽፈዋል። ማርቆስ ግን እንደ ልማዱ ነገሩን ያሳጥረውና ሌሎቹ ያልተናገሩትን አንድ ነገር ጨምሮ ያልፋል፤ ይኸውም ጌታችን በዚያ በገዳም ሳለ ከአራዊት ጋር ይኖር እንደ ነበረ ነው። አራዊቱ ምን ምን እንደ ነበሩ፣ ወደ እርሱ ቀርበው ወይም ከእርሱ ርቀው እንደ ሆነ አልገለጸም። ከአራቱ ወንጌላውያን ይህን የጻፈ እርሱ ብቻ ነው፤ በሥዕልም ምልክቱ አንበሳ ነው።

እኛ በደብረ ማርቆስ ከተማና በአካባቢው የምንኖር ሰዎች የዚህን ወንጌላዊ ስም በየቀኑ እንጠራለን። ከተማይቱ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደ ነበረ፣ በኋላም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ስም ደብረ ማርቆስ እንደ ተባለች ሽማግሎቻችን ያውቃሉ። ነገር ግን ስሙን መጥራት ሌላ፣ ቃሉን ማሰብ ሌላ ነው። እኔ ታናሹ ጸሓፊ ይህችን የማርቆስን ቃል ከአርባ ዓመት በላይ ሳነባት አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኋትም። እንዳስባት ያደረገኝም መጽሐፍ ወይም መምህር አይደለም፤ ለመናገር የሚያሳፍር ቢሆንም፣ ባለጸጎች የሚያርፉበት አንድ የእንግዳ ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር 2012 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ በውጭ አገር ብዙ ዘመን የኖረ የእኅቴ ልጅ ሊጠይቀን መጥቶ ነበርና «አባቴ፣ እስከ ዛሬ የሰሜንን ተራራ አላዩም፤ አንድ ጊዜ ልውሰድዎ» ብሎ ለመነኝ። እኔም እሺ አልሁት። በባሕር ዳርና በጎንደር በኩል አልፈን፣ ከጎንደርም ወደ ሰሜን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ደባርቅ ገባን። በዚያ የመግቢያውን ዋጋ ከፍለን፣ እንደ ደንቡም ጠመንጃ የያዘ አንድ ጠባቂ አሳፍረን ወደ ተራራው ወጣን።

ያደርንበት ቤት በዛሬው አነጋገር ሎጅ ይባላል። ሎጅ ማለት ከከተማ ርቆ በዱር ወይም በተራራ መካከል የተሠራ፣ እንግዳው ከአልጋው ሳይነሣ አራዊትን ያይ ዘንድ የታሰበ ማረፊያ ነው። በሰሜን ተራራ እንዲህ ያለው ከአንድ በላይ አለ፤ በሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ግድግዳው በተደቈሰ አፈር የቆመ ነው፤ በቡይት ራስ ያለው ደግሞ እንደ ባላገር ጎጆ ክብ ክብ ሆኖ ተሠርቶአል። እኛ ያረፍንበትን ግን በስም አልጠራም፤ የምናገረው ስለ አንድ ቤት ወይም ስለ አንድ ባለ ንብረት አይደለምና።

ስለ ቤቱ ምቾት ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ ነገር ግን ፈጽሞ ዝም ብል አንባቢ የተፈተንሁበትን ነገር አይረዳውም። ክፍሉ ገደሉን ፊት ለፊት የሚያይ ሰፊ መስተዋት አለው። በውጭ ውርጭ ሲወርድ በውስጥ እሳት ይነድዳል። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ምግብ አዘጋጁ ሳንጠይቀው የጾም ወጥ አቀረበልን፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይስጠው። ወደ መኝታዬም ገብቼ እግሬን በብርድ ልብሱ ውስጥ ብዘረጋ አንድ ለስላሳና ትኵስ ነገር ነካኝ። ሕይወት ያለው አውሬ መስሎኝ ጮኬ ዘለልሁ። ለካ አልጋውን እንዲያሞቅ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ የተቀመጠ የጎማ ከረጢት ኖሮአል፤ የእኅቴም ልጅ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ። አራዊትን ለማየት አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዤ መጀመሪያ የፈራሁት የጎማ ከረጢት ሆነ።

በማግሥቱ ማለዳ መጋረጃውን ብገልጥ ከመስኮቱ በታች ባለው መስክ ላይ መቶ የሚያህሉ ጭላዳዎች ተቀምጠው አየሁ። ጭላዳ ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ሳለ እንደ በግ ሣር በልቶ የሚኖር፣ በደረቱም ላይ እንደ ልብ የሆነ ቀይ ምልክት ያለው ነው። ሌሊቱን በገደሉ ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ መስኩ ይወጣል። ቍጢጥ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነቀሉ ሲበሉ ገበሬዎች ተሰልፈው ጤፍ የሚያርሙ ይመስላሉ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በአጠገባችን ያልፋሉ፤ አይፈሩም፤ አይሸሹም፤ ዘወር ብለውም አያዩንም። ከገደሉ ማዶ ደግሞ ጠባቂው በጣቱ እያመለከተ ሦስት ዋልያዎች አሳየን። ዋልያን ወጣቶቻችን በእግር ኳስ ቡድናችን ስም ብቻ ያውቁት ይሆናል እንጂ፣ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራራ በቀር ሌላ አገር የሌለው ፍጥረት ነው። በረንዳው ላይ ከእኛ ጋር ሻይ ይዛ የቆመች አንዲት የውጭ አገር ሴት በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ምን አለች ብዬ የእኅቴን ልጅ ብጠይቀው «ገነት ይህ ነው ትላለች» አለኝ። እኔም በልቤ አሜን አልሁ። እውነቱን ለመናገር ዐይኔ ዕንባ ሞልቶ ነበር። አዳም ከመበደሉ በፊት አራዊት በፊቱ እንዲህ ሳይፈሩ ያልፉ ነበር አይደለምን? ማርቆስስ የጻፈው ይህን አይደለምን? ብዬ አሰብሁ።

በሁለተኛው ሌሊት ለጸሎት ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከቤቱ ጥግ ትንሽ እሳት አየሁና ወደዚያ ቀረብሁ። አንድ ሰው ከካፖርቱ በላይ ጋቢ ደርቦ፣ ጠመንጃውን በጕልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጦአል። የሌሊቱ ዘበኛ ነው። ተነሥቶ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ። በሃይማኖቱ ሙስሊም ነው፤ እኔ ለሌሊቱ ጸሎት፣ እርሱም ለንጋቱ ስግደት በአንድ እሳት ዳር ተገናኘን። ብርዱ እኔን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲያንቀጠቅጠኝ እርሱ እስኪነጋ ይቀመጥበታል። ምን ትጠብቃለህ ብለው፣ «ነብር በሌሊት ይመጣል፤ ጅብም አለ፤ እንግዶቹ ሳይሰጉ እንዲተኙ ነው» አለኝ።

አገሩን ብጠይቀው ግጭ ነው አለኝ። ግጭ በፓርኩ መካከል የነበረች መንደር ናት። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጸው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 ግን ዋልያውና ቀይ ቀበሮው እየመነመኑ፣ እርሻውና የከብት ግጦሹ እየሰፋ ስለ ሄደ፣ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። ከዚያ ለመውጣት ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ከ400 በላይ የሆኑ የግጭ አባወራዎችን ካሳ እየሰጡ ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበር፤ ይህም በ2008 ዓ.ም. ተፈጸመ። በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ሥራው ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። የግጭ ሜዳ በከብት ብዛት ተራቍቶ እንደ ነበረ ያዩት ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ዋልያም ከዚያ በቀር የሚሄድበት አገር የለውም።

ዘበኛው ስለዚህ ሲናገር አላማረረም። ገብስ ያርስ እንደ ነበረ፣ የአባቱም መቃብር በዚያ እንዳለ፣ በካሳው በደባርቅ ቤት እንደ ሠራ፣ ነገር ግን ማሳ የሌለው ገበሬ በከተማ ምን እንደሚያደርግ ባለማወቁ ይህን ሥራ እንደ ያዘ ነገረኝ። ከዚያም ወደ ገደሉ እያየ ይህን አለ፤ «አባ፣ ያን ጊዜ ጭላዳ ገብሴን እንዳይበላ ቀን ሙሉ በወንጭፍ አባርረው ነበር። ዛሬ ደግሞ ማንም እንዳያባርረው ደመወዝ ይከፈለኛል።» ጥቂት ዝም ብሎ ደግሞ፣ «ሣሩ ግን ተመልሶአል። አባቴ ያላየውን ሣር እኔ አየሁ» አለ።

ወደ ሞቀው አልጋዬ ተመልሼ ገባሁ፤ ነገር ግን እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ክቡራን አንባብያን! ከዚህ በኋላ ያሰብሁትን ሳቀርብ ማንንም ለመኰነን አይደለም። ሳፋሪ የሚባለው ቃል ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ሲሆን ትርጓሜው ጕዞ ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ግን አደን ማለት ሆኖ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ እርሱና ልጁ ከ500 በላይ አራዊት ገድለዋል። በእኛም አገር አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈር ለብሶ ይፎክር ስለ ነበረ ባዕዱን ብቻ መውቀስ አይገባንም። ዛሬ ጠመንጃው በፎቶግራፍ መሣሪያ ተተክቶአል። ይህ መልካም ለውጥ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ወንድሞች «እንዲህ ባለ ቤት ማደር ቅንጦት ነው፤ ቅንጦትም ኃጢአት ነው» ብለው ነገሩን በአንድ ቃል ሲዘጉት አልስማማም። የሞቀ አልጋ ለማንም የኵነኔ ምክንያት አልሆነም። ንጉሡ ሰሎሞንም ከሩቅ አገር ዝንጀሮና ጣዎስ ያስመጣ እንደ ነበረ ተጽፎአል፤ በእርሱም ላይ የተነቀፈው ይህ አይደለም።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው፤ እርሱም በአማርኛችን ውስጥ ባለ አንድ ቃል ይገለጻል። ቅኔ የቈጠረ ሰው ኅብር ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ ነው። «ገዛ» የሚለው ቃላችን ከዚህ ወገን ነው። ንጉሥ አገር ገዛ እንላለን፤ ነጋዴም በቅሎ ገዛ እንላለን። በግእዝ ግን ሁለቱ አይገናኙም፤ የፊተኛው ኰነነ፣ የኋለኛው ተሣየጠ ይባላል። እግዚአብሔር ለአዳም በምድር አራዊት ላይ የሰጠው መግዛት የፊተኛው ነው። ያን ማለዳ በበረንዳው ላይ ሻይ ይዘን የቆምን ሰዎች ግን የያዝነው የኋለኛውን ሆኖ ሳለ የፊተኛውን ያገኘን መሰለን። ጭላዳው ሳይፈራን ማለፉ የሁለት ሌሊት ዋጋ ስለ ተከፈለበት ነው። የተከፈለውም በእኅቴ ልጅ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የዘበኛው ማሳ በውስጡ አለበት። ገነት ያልነው ሰላም ስሙ በደረሰኙ ላይ ያልተጻፈ ሌላ ከፋይ ኖሮታል።

የዚህ ዓይነት ነገር በሰሜን ተራራ ብቻ የሆነ አይደለም። በኬንያ በአበርዴር ደን፣ ትሪቶፕስ የሚባል፣ በትልቅ ዛፍ ላይ የተሠራና እንግዶች በሌሊት ዝሆንና ጎሽ ውሃ ሲጠጡ የሚያዩበት ቤት ነበረ። የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1952 በዚያ ባደረችበት ሌሊት አባትዋ ስለ ሞተ፣ ልዕልት ሆና የወጣችበት ዛፍ ንግሥት ሆና የወረደችበት ነው እየተባለ ይነገራል። በ1954 ግን ለመሬታቸውና ለነጻነታቸው በዱር የሚዋጉ ኬንያውያን ያን ቤት አቃጠሉት፤ በኋላ እንደ ገና ተሠራ። በታንጋኒካም በ1959 ማሳዮች ከሰረንጌቲ እንዲወጡ ተደርጎአል። ዓለም ሁሉ የሚያደንቀው ያ የአራዊት ሜዳ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ባዶ ምድር አልነበረም።

ታዲያ የቅዱሳኑስ ከአራዊት ጋር መኖር ከእኛ በምን ይለያል? አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር እንደ ኖረ በገድሉ ተጽፎአል፤ በየቤተ ክርስቲያኑም ግድግዳ በመካከላቸው ቆሞ እናየዋለን። የዋልድባው አቡነ ሳሙኤልም በአንበሳ ላይ ተቀምጦ ይሣላል። ዋልድባ ከሰሜን ተራራ በታች ወዳለው ቆላ ነው፤ መነኰሳቱም እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ በልተው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። እኔ እስከዚያ ሌሊት ድረስ የአራዊቱን ለቅዱሳን መገዛት እንደ ተአምር ብቻ እሰማው ነበር። ተአምርነቱን አልክድም፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ ሥርዓት አለ። እነዚያ አባቶች እህላቸውን ትተዋል፤ ከብታቸውን ትተዋል፤ ልብሳቸውን እንኳ ትተዋል። አንበሳ ከእነርሱ የሚፈራው ነገር አልነበረም፤ እነርሱም ከአንበሳ የሚቀሙት ወይም ከአንበሳ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም። ጌታችንም ከአራዊት ጋር በኖረባቸው ቀኖች ጾመኛ ነበረ። የሰላሙን ዋጋ የከፈለው ሰላሙን ያገኘው ራሱ ነው።

የሎጁ እንግዳም ከአራዊቱ ጋር የሚጣላበት ነገር የለውም፤ ነገር ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። እርሱ እርሻውን አልተወም፤ እርሻው በሌላ ስፍራ ነው እንጂ። በጠዋት የበላው እንጀራ ከአንድ ማሳ መጥቶአል፤ ከዚያም ማሳ አንድ ሰው አንድ ቀን ጦጣውን በወንጭፍ፣ ወፉን በጩኸት አባርሮአል። እርሻው በዚያ የሌለ ሰው ጭላዳን መውደድ ይቀለዋል። እርሻው በዚያ ያለ ሰው ግን ያው ጭላዳ የልጆቹን ቀለብ ሲበላ ያየዋል፤ ከዚያም አራዊትን የማይወድ ጨካኝ ይባላል። እኔ በልጅነቴ ቅኔ ስማር ከጓደኞቼ ጋር በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ በሣር ጎጆ እናድር ነበር። ጅቡ በየሌሊቱ ይመጣል። አንድ ሌሊትም በደጅ የተሰቀለ የጓደኛዬን ደበሎ ወስዶ በላው፤ ጅብ ቆዳ ይወዳልና። ያ ልጅ ክረምቱን ያለ ደበሎ አሳለፈ። እኛም ከአራዊት ጋር እንኖር ነበር፤ ማንም ግን ገነት ብሎት አያውቅም።

እንግዲህ አንዱ፣ «ሎጁ ባይኖር ዘበኛው ደመወዝ ከየት ያገኝ ነበር?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም መልስ የለኝም። በዚያው ዓመት በሽታው ዓለምን ዘጋ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ጎጃምንም ጎንደርንም የነካ ውጊያ ሆነ። እንግዳ ሲቀር መሪው፣ በቅሎ ጫኙ፣ ምግብ አብሳዩ፣ ዘበኛው ሁሉ ያለ እንጀራ ቀሩ። የዋልያም ቍጥር በእነዚህ ዓመታት እጅግ ማሽቈልቈሉ በተደጋጋሚ ተነግሮአል። ስለዚህ እንግዳው አይምጣ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ይምጣ፤ አልጋውም ይሙቅለት። ነገር ግን ሰላሙን ከማን እንደ ተቀበለ ይጠይቅ፤ የሚከፍለውም ዋጋ ማሳውን እስከ ለቀቀው ሰው ድረስ መድረሱን ይመርምር። እኔ ሳልጠይቅ አንድ ሌሊት በደስታ ተኝቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ አገሬ ስመለስ ነገሩ በሰሜን ተራራ የቀረ መስሎኝ ነበር። አልቀረም።

በጎጃም ደጋ ላይ አራዊት የሚጠጉበት ዱር ከሞላ ጐደል አልቆአል። በጮቄ ተራራ ቀድሞ ይኖር የነበረው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ከዚያ ጠፍቶአል። ከሩቅ ሲታይ ሜዳው ሁሉ እርሻና ባሕር ዛፍ ነው፤ በመካከሉ እንደ ደሴት ጥቍር ብሎ የሚታየው የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። የደን ምሁሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምሮ ከ160 በላይ የዛፍ፣ የቍጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች ማግኘቱ የታወቀ ነው። አባቶቻችን ይህን ያቈዩት ስለ አራዊት ብለው አይደለም፤ የታቦቱ ክብር እንዲሸፈን ነው። ነገር ግን ጉሬዛው፣ ጦጣው፣ ድኵላው፣ ወፉ ሁሉ በዚያ ከታቦቱ ጋር ተጠግቶ ኖረ። የመግቢያ ዋጋ የለውም፤ በረንዳም የለውም።

የእኛም አጥቢያ እንዲህ ያለ ደን አለው፤ ወይም ነበረው። ወደ ሰሜን ከመሄዴ በፊት ሰበካ ጉባኤያችን ለሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ለመሥራት በቅጥሩ ምሥራቅ በኩል ያሉት 11 ጥዶችና ወይራዎች እንዲቈረጡ ወስኖ ነበር። ምክንያቱ የሚነቀፍ አልነበረም። ልጆቹ በክረምት በዝናብ፣ በበጋ በፀሐይ ቆመው ይማሩ ነበር። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ፈርሜበታለሁም። ስመለስ ዛፎቹ ወድቀው ደረስሁ። በእነርሱ ላይ ያድሩ የነበሩት ጉሬዛዎች፣ ጥቍርና ነጭ ለብሰው እንደ መነኰሳት በቅዳሴ ሰዓት ከላይ ያዩን የነበሩት፣ አንድ ሳምንት በቅጥሩ ላይ ሲንከራተቱ ቆይተው የት እንደ ገቡ ሳይታወቅ ጠፉ። ጦጣዎቹ ግን አልሄዱም። የዱር ፍሬያቸው በአብዛኛው ከወደቁት ዛፎች ጋር ስለ ሄደ ከቅጥሩ በታች ወዳለው ማሳ መውረድ ጀመሩ።

ማሳው የአንዲት ባልቴት ነው። በየዓመቱ ገብሱ ሲያሽት «የቤተ ክርስቲያኑ ጦጣ» ይወርድባታል። እኛ ደግሞ በአዲሱ አዳራሽ ልጆቹን የኖኅን መርከብ ታሪክ እናስተምራለን። ባለፈው ኅዳር ይህች ሴት ወደ ሰበካ ጉባኤው ቀርባ፣ አዳራሹ የተሠራው በጦጣዎቹ ቤት ላይ ስለ ሆነ የማሳዋን ጥበቃ ደመወዝ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲከፍላት ጠየቀች። ከመካከላችን የሳቁ ነበሩ። አንድ ሽማግሌም «የእግዚአብሔርን ቤት ሠራን እንጂ ምን አደረግን? ለእግዚአብሔር ዕዳ ይጻፍበታልን?» ቢላት፣ «አባቴ፣ እኔ እግዚአብሔርን አልጠየቅሁም፤ እናንተን ነው» አለችው። እኔ በዚያ ሰዓት ያየሁት የግጭን ሰው በእሳቱ ዳር ነበር። በረንዳው ላይ ሻይ ይዤ የቆምሁት አሁንም እኔው ነኝ።

ልመናዋን ያለ አንድ ቃል ጕድለት በቃለ ጉባኤው ጻፍሁት፤ ቢያንስ ከአዳራሹ ኪራይ ከሚገኘው እንዲሰጣትም ሐሳብ አቀረብሁ። ጉዳዩ ለጥር ስብሰባ ተቀጠረ፤ በጥርም የበዓላት ዝግጅት ስለ በዛ ሳይነሣ ቀረ። የልጅዋ ስም በሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አለ። ገብሱ ማሸት ከሚጀምርበት ቀን አንሥቶ እስኪታጨድ ድረስ ግን፣ ወንጭፍ ይዞ በማሳው ላይ ስለሚውል፣ በየእሑዱ በስሙ ትይዩ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል።